«ማያ» እርሾ ናት ወይስ ሬኔት? የቡልጋሪኛ ተርጓሚ ለምትፈልገው እህት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ ትሠራለች። ድርጅቷ የእርጎ እርሾ ከቡልጋሪያ ሊያስመጣ ነው። አቅራቢው 40 ገጽ ሰነድ ልኮላቸዋል፤ ግማሹ ቴክኒካል ነው፣ ግማሹ ስለ ሥነ ምግብ፣ ለሕፃናት፣ ለጿሚዎች፣ ለስኳር ሕሙማን እያለ የሚሄድ። ሁሉም በቡልጋሪኛ ነው። ላቦራቶሪውም ተቆጣጣሪውም የሚያነቡት እንግሊዝኛ ነው። ሁለት ፕሮፎርማ ሰብስባለች፣ አንዱ የሌላውን ሦስት እጥፍ ነው። «በሥነ ምግብ የተካነ ከቡልጋሪኛ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጓሚ እንዴት ላግኝ? ርካሹን ብወስድስ ምን ይመጣብኛል?» ትላለች።

እህቴ፣ ቅር እንዳይልሽ፣ መጀመሪያ አንድ ቃል ላርም። አስተርጓሚ ስብሰባ ላይ ከጎንሽ ተቀምጦ በአፉ የሚያስተረጉመው ነው። አንቺ የምትፈልጊው ተርጓሚ ነው፣ ጽሑፍ የሚተረጉም። ሁለት የተለያየ ሙያ ነው። አፉ ማር የሆነ፣ ሠንጠረዥ ሲሰጡት ግን ግራ የሚገባው ሰው አውቃለሁ። ስታፈላልጊ ይህን ለይተሽ ተናገሪ፣ ያለዚያ የሚመጡልሽ አስጎብኚዎች ናቸው።

እኔ በደርግ ጊዜ በስኮላርሺፕ ቡልጋሪያ ከሄዱት አንዱ ነኝ። አንድ ዓመት ቋንቋ ሶፊያ፣ ከዚያ ፕሎቭዲቭ፣ ምግብ ቴክኖሎጂ። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ የቡልጋሪኛ ቴክኒካል ጽሑፍ ነው። ይህን የምጽፈው ግን ሥራውን ወደ ራሴ ልጎትት ብዬ አይደለም። ወደ እንግሊዝኛ ብቻዬን አልተረጉምም፣ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። የሰውየውን ዲፕሎማ ትተሽ የሚጠይቅሽን ጥያቄ ተመልከቺ። ሰነድሽን አንብቦ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ «ሐሙስ አደርሳለሁ» ካለሽ ተርጓሚው አልገባውም ማለት ነው። ወይ አላነበበውም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ ስለ አይብ አሠራር ሦስት ገጽ ሰጡኝ። ጽሑፉ ውስጥ «ማያ» የምትል ቃል አለች። ዳቦ ቤት ማያ ማለት እርሾ ነው፣ ያወቅኩትም እንደዚያ ነበር፤ እርሾ ብዬ ጻፍኩ። ወተቱ በ35 ዲግሪ እርሾ ይጨመርበታል፣ ይረጋል፣ ይቆረጣል። ጽሑፉ ጥሩ ይነበብ ነበር፣ ችግሩም እሱው ነው። አይብ ቤት ውስጥ «ማያ» ሬኔት ናት፣ ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣው ወተት የሚያረጋው ኢንዛይም። የተቀበለኝ ድርጅት ቴክኒሻን ሁለት ቀን ሙሉ የዳቦ እርሾ ወተት ላይ እየጨመረ አረፋ ሲያይ ሰነበተ። ስልክ ደውሎ የነገረኝ የክፍሌ ልጅ የነበረ ቡልጋሪያዊ ነው፣ በሳቅ እየፈነዳ። እኔ ግን አልሳቅኩም። አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ፣ «ይህቺ ማያ የትኛዋ ናት?» ብል ኖሮ፣ ያልቅ ነበር።

አንቺ ቡልጋሪኛ ስለማታውቂ ተርጓሚሽን መፈተን የማትችዪ ይመስልሻል። ትችያለሽ። ሰነድሽ ውስጥ በእርግጠኝነት የሚገኙ ወጥመዶችን ልንገርሽ፣ እነሱን ይዘሽ ትፈትኛለሽ።

ከወተቱ እንጀምር። እርጎ በቡልጋሪኛ «ኪሴሎ ምልያኮ» ነው፣ ቃል በቃል ጎምዛዛ ወተት። ሰነፍ ተርጓሚ «ሳወር ሚልክ» ብሎ ይጽፈዋል፣ እንግሊዝኛ አንባቢ ደግሞ የተበላሸ ወተት ነው የሚታየው። «ፕርያስኖ ምልያኮ» ትኩስ ወተት ይመስላል፣ ግን ሱቅ የሚሸጠው ተራ፣ በሙቀት የታከመ (ፓስቸራይዝድ) ወተት ነው እንጂ ጥሬ ወተት አይደለም። «መቴኒፃ» የኛው አሬራ ናት። «ሱሮቫትካ» አጓት ናት። «ኢዝቫራ» ደግሞ ለኛ ሰው በጣም ቀላል ነው፤ አጓትን አሙቀው የሚያወጡት፣ የኛን አይብ የሚመስል ነገር ነው። እንግሊዝኛ ላይ «ኮቴጅ ቺዝ» ብሎ የሚያልፍ ብዙ ነው፤ አንድ አይደሉም፣ ቅባታቸውም ፕሮቲናቸውም ይለያያል። «ሲሬኔ» በእንግሊዝኛ ቺዝ ብቻ ከተባለ ደግሞ ትልቁ ነገር ይጠፋል። ሲሬኔ ጨው ውኃ ውስጥ የሚቀመጥ ነጭ አይብ ነው፣ ጨዉ ብዙ ነው። የደም ግፊት ላለበት ሰው ምክር የሚሰጥ ገጽ ላይ «ቺዝ» እና «ጨው ውኃ ውስጥ የኖረ ነጭ አይብ» ልዩነታቸው ሰፊ ነው።

የአይብ ነገር ከተነሳ አንድ ቁጥር ላሳይሽ። ቡልጋሪያዎች የአይብን ቅባት ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ከደረቁ ክፍል አስልተው ነው። «በደረቁ ክፍል ውስጥ 45 በመቶ ቅባት» ይላል። አይቡ 46 በመቶው ብቻ ደረቅ ነው እንበል፣ የቀረው ውኃ ነው። ስለዚህ 100 ግራም አይብ ውስጥ ያለው ቅባት ወደ 21 ግራም ይሆናል። ያቺን «በደረቁ ክፍል ውስጥ» የምትል ሐረግ የዘለለ ተርጓሚ 45 ግራም አደረገልሽ ማለት ነው። ከእጥፍ በላይ።

«ማስሎ» ሌላዋ ናት። ብቻዋን ስትቆም ቅቤ ናት። ከፊቷ ኮኮናት ወይም ፓልም ከመጣ ዘይት ትሆናለች። ካካዎ ከመጣ እንደገና «በተር» ትባላለች፣ ወተት ግን የለባትም። ምግብ የምናበስልበት የሱፍ ዘይት «ኦሊዮ» የሚል ሌላ ስም አለው። የንጥረ ነገር ዝርዝር ላይ ብቻዋን የተጻፈች «ማስሎ» ዘይት ተብላ ከተተረጎመች፣ ወተት አለርጂ ያለበት ልጅ ቅቤ በላ ማለት ነው። እንዲሁ «ቤልተክ» የእንቁላል ነጩም ነው፣ ፕሮቲንም ነው። የማሽን ትርጉም «የወተት ፕሮቲን» የሚለውን «የወተት እንቁላል ነጭ» ሲያደርገው በዓይኔ አይቻለሁ።

ላቦራቶሪሽን የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች አሉ፣ እነዚህን አደራ። ቡልጋሪያዎች የወተትና የእርጎ አሲድነት የሚለኩት ቶርነር በሚባል ዲግሪ ነው። ከቁጥሩ ጎን ትንሿ ክብ ምልክት አለች፣ ቀጥላ የቲ ፊደል። ሙቀት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። 90 ዲግሪ ቶርነር ማለት 0.81 በመቶ ላክቲክ አሲድ ነው፣ አንዱ ዲግሪ 0.009 በመቶ ስለሆነ። እሱን «90 ሴንቲግሬድ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ እርሾሽን ቀቀለልሽ ማለት ነው።

ሁለተኛው የባክቴሪያ ቁጥር ነው። የእርጎ እርሾ ሰነድ ላይ በአንድ ግራም ስንት ሕያው ባክቴሪያ እንዳለ ይጻፋል። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መስፈርት እርጎ በአንድ ግራም ቢያንስ 10⁷ የእርሾ ባክቴሪያ እንዲኖረው ይላል፣ ማለትም 10 ሚሊዮን። ከፒዲኤፍ ኮፒ ሲደረግ ትንሿ 7 ትወርዳለች፣ 107 ይሆናል። አንድ መቶ ሰባት! የመለኪያው ምህጻረ ቃል በቡልጋሪኛ «ኮኤ» ነው፣ በእነሱ አጻጻፍ ሦስት ፊደል። በአጋጣሚ «ኮኤ» የሚል ተራ ቃልም አለ፣ «የትኛው» ማለት ነው። ስለዚህ «107 የትኛው በግራም» የሚል ነገር ብታዪ ማን እንደተረጎመው ታውቂያለሽ።

ወደ ሕፃናቱ ገጽ እንሂድ፣ እዚያ ነው ሰው የሚጎዳው። «ከርማቼ» የምትለው ቃል ከማጥባት የወጣች ናት፣ ቃል በቃል የሚጠባ ልጅ። በሕጉ ቋንቋ ግን ከ12 ወር በታች ያለ ማንኛውም ሕፃን ነው፣ ጡት ይጥባም አይጥባም። ጡት የሚጠባ ብሎ የተረጎመ ሰው ጡጦ የሚጠቡትን ሁሉ ከመመሪያው አስወጣቸው። «አዳፕቲራኖ ምልያኮ» ቃል በቃል የተስተካከለ ወተት ነው፣ ትርጉሙ ግን የሕፃናት ፎርሙላ ነው። ከሁሉም የምወዳት «ዛኽራንቫኔ» ናት። ልጅ ስድስት ወር ሲሆነው ከእናት ጡት በተጨማሪ ምግብ ማስጀመር ማለት ናት። ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ደግሞ ይህችው ቃል የኃይል አቅርቦት ናት። የማሽን ረቂቅ ላይ «የሕፃኑ የኃይል አቅርቦት በ6 ወሩ ይጀመራል» የሚል አንብቤያለሁ። ለሥራ ባልደረቦቼ አሁንም አነብላቸዋለሁ።

«ኽራኒቴልኒ ዶባቭኪ» እና «ዶባቭኪ ቭ ኽራኒቴ» የሚሉ ሁለት ሐረጎች ታገኛለሽ። መንትያ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ቫይታሚን፣ ኦሜጋ፣ እንክብል ነው፣ ሰው ሆን ብሎ የሚወስደው። ሁለተኛው ምግብ ውስጥ የሚገባ ቀለም፣ ማቆያ፣ ማጣፈጫ ነው። ተቆጣጣሪ ፊት እነዚህን ማምታታት ፋይልሽን ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይከተዋል።

ማንኪያውንም አትርሺ። እነሱ «የሾርባ ማንኪያ» ይላሉ፣ እኛም እንላለን፣ ስለዚህ ለኛ ችግር የለውም። እንግሊዝኛ ግን ለዚያ ልኬት «ቴብልስፑን» ነው የሚለው፣ 15 ሚሊ ሊትር። «ሱፕ ስፑን» የሚል ትርጉም ካየሽ ቃል በቃል ሄዷል።

አሁን ለኛ ሰው ጆሮ የቀረበውን ላውራሽ። «ፖስትኖ» የጾም ማለት ነው። ቡልጋሪያዎች በአብዛኛው ኦርቶዶክስ ናቸው፣ የገና ዋዜማ ማዕዳቸው የጾም ነው፣ ባቄላው፣ ሩዝ የተጠቀለለበት ቅጠሉ፣ ዱባው። ግን «ፖስትኖ» ሥጋ ላይ ሲመጣ ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ ነው። አንድ ቃል፣ አንዱ ጋ ሥጋ የለም፣ ሌላው ጋ ሥጋ ብቻ ነው። «የጾም» የሚለውን ሁሉ «ቪጋን» ማለትም አያስኬድም፤ በገና ጾማቸው መካከል፣ ዲሴምበር 6 ቅዱስ ኒቆላዎስን ሲያከብሩ ካርፕ የሚባል ዓሣ ይበላሉ። ማርም አለ። እኛ ራሳችን ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያልን የምንከራከር አይደለን እንዴ? ይህን ገጽ የሚያነብልሽ ሐበሻ ቢሆን ከማንም ፈረንጅ ቀድሞ ይገባዋል።

አንድ ይቀራል፣ ይህቺ ደግሞ ከቃል ሳይሆን ከግሥ ናት። ቡልጋሪኛ ውስጥ ራስሽ ያላየሽውን፣ ከሰው የሰማሽውን ነገር ስትናገሪ ግሡ መልኩን ይቀይራል። እኛ «ነው አሉ» ብለን የምንጨምረውን እነሱ ግሡ ውስጥ ይከቱታል። «ኪሴሎቶ ምልያኮ ኡደልዣቫሎ ዢቮታ» ሲሉ «እርጎ ዕድሜ ያረዝማል አሉ» ማለታቸው ነው። ጸሐፊው ኃላፊነት አልወሰደም። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ግሥ የለውም፣ ስለዚህ የቸኮለ ተርጓሚ «እርጎ ዕድሜ ያረዝማል» ብሎ ይዘጋዋል። ሰነድሽ ውስጥ ይህ ታሪክ እንደሚኖር እወራረዳለሁ፣ ስለ እርጎ የሚጽፍ ቡልጋሪያዊ ይህን ሳያነሳ አያልፍም። ስታመን ግሪጎሮቭ የሚባል ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ1905 ጄኔቭ ሆኖ የእርጎውን ባክቴሪያ አገኘ፤ ፓሪስ የነበረው ሳይንቲስት ሜችኒኮፍ ደግሞ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ረጅም ዕድሜ ከእርጎው ጋር ይያያዛል ብሎ ሐሳቡን በዓለም አዳረሰው። ባክቴሪያው ዛሬም በስማቸው «ቡልጋሪኩስ» ይባላል። ታሪኩ ቆንጆ ነው። ግን «አሉ» ከወደቀች ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የጤና ማስታወቂያ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያለ የጤና አባባልን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው 1924 ቁጥር ደንብ ይቆጣጠራል፣ ያልተፈቀደ አባባል ማሸጊያ ላይ አይጻፍም። ለእርጎ የተፈቀደው፣ ላክቶስ ለማይስማማቸው ሰዎች ሕያው ባክቴሪያዎቹ የእርጎውን ላክቶስ ለመፍጨት ይረዳሉ የሚለው ነው፣ እሱም በግራም ቢያንስ 10⁸ ሕያው ባክቴሪያ ሲኖር። የዚህ አባባል እንግሊዝኛ ቃሉ በሕግ ተቀምጧል። ጥሩ ተርጓሚ አይፈጥረውም፣ ፈልጎ ይገለብጠዋል።

እዚህ ላይ ነፃ መሣሪያ ልስጥሽ። ቡልጋሪያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2007 የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነች። ስለዚህ የኅብረቱ የምግብ ሕግ ሁሉ በቡልጋሪኛም በእንግሊዝኛም አለ፣ ዩር-ሌክስ በሚባለው የሕግ ድረ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይከፈታል። እ.ኤ.አ. የ2011ን 1169 ቁጥር ደንብ ክፈቺ፣ የማሸጊያ ጽሑፍ ሕግ ነው። መጨረሻው ላይ አባሪዎች አሉ። አለርጂ የሚያስነሡ 14 ነገሮች ዝርዝር አለ፣ የንጥረ ምግብ ሠንጠረዥ አለ። ቅደም ተከተሉ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው። የቡልጋሪኛው አምስተኛ መስመር የእንግሊዝኛው አምስተኛ መስመር ነው። ቋንቋውን ሳታውቂ በአንድ ሻይ ሰዓት የሃያ ሠላሳ ቃል መዝገብ ታወጫለሽ። እሱን ለተርጓሚው ስትሰጪ ፊቱን እይ፣ ከተደሰተ ሙያተኛ ነው።

የት ትፈልጊው? ከሁሉ በፊት አቅራቢውን ጠይቂ። «የእንግሊዝኛ ቅጂ የላችሁም?» በይ። እርሾ ወደ ውጭ የሚሸጥ ድርጅት ለሌላ አገር ግማሹን አስተርጉሞ ሊሆን ይችላል፣ ያልጠየቀ ግን አይሰጠውም። ሰው ይህን ሳያደርግ ገንዘብ ሲያወጣ ያናድደኛል።

ቀጥሎ ፕሎቭዲቭ። የምግብ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ነው። መምህራኑ በእንግሊዝኛ ጥናት ያሳትማሉ። ስለ እርጎ የጻፉትን ሁለት ሦስት ፈልገሽ ኢሜይል ጻፊላቸው፣ እንግሊዝኛችሁን ማን ነው የሚያይላችሁ ብለሽ። ያ ሰው የምትፈልጊው ነው። ይህ መንገድ ከማንኛውም ማውጫ ይሻላል ብዬ ነው የማምነው። በቪዲዮ ካገኘሻቸው ደግሞ ልብ በይ፣ ራሱን ግራና ቀኝ የሚወዘውዝ ቡልጋሪያዊ እሺ እያለሽ ሊሆን ይችላል።

ማውጫም አለ፤ ሶፊያ የቡልጋሪያ ተርጓሚዎች ኅብረት፣ እንግሊዝ አገር የትርጉም ሙያተኞች ኢንስቲትዩት፣ አሜሪካ የተርጓሚዎች ማኅበር። በቋንቋና በሙያ ዘርፍ ትፈልጊበታለሽ። ሥነ ምግብ ብለሽ ብቻ አትፈልጊ፣ ወተት፣ የምግብ ቴክኖሎጂ፣ ሕክምና እያልሽ ሞክሪ። ሕግ፣ ነዳጅ፣ ግጥም፣ ሥነ ምግብ ሁሉንም እሠራለሁ ያለውን እለፊው። ማህተም ያለው ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ የሚሉም ይኖራሉ። ማህተሙ ለልደት ወረቀትና ለፍርድ ቤት ጥሩ ነው። ስለ ሬኔት የሚያውቀው ነገር የለም።

አሁን ለምን ብቻዬን እንደማልሠራ። ደንቡ ተርጓሚ ወደ አፍ መፍቻው ቋንቋ ይተርጉም ነው። ቡልጋሪያ ሕዝቧ ከ7 ሚሊዮን በታች ነው። አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ፣ ቡልጋሪኛ የሚያነብ፣ በዚያ ላይ ሥነ ምግብ የሚያውቅ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። እሱን እጠብቃለሁ ካልሽ ሰነዱ ያረጅብሻል። የሚሠራው ጥንድ ነው፤ ምግብ የሚያውቅ ቡልጋሪያዊ ይተረጉማል፣ አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ የሥነ ምግብ ባለሙያ ያነባል፣ ሁለቱ ይጨቃጨቃሉ። አይኤስኦ (ISO) 17100 የሚባለው የትርጉም አገልግሎት መስፈርትም ሁለተኛ ሰው ዋናውንና ትርጉሙን አስተያይቶ እንዲያርም ያስገድዳል። ውድ ያለሽውን ፕሮፎርማ እይው፣ ሁለተኛው ሰው የተካተተው እዚያ ይሆናል። ርካሹ ላይ አንድ ሰው ብቻ፣ ምናልባትም ማሽንና አንድ ሰው ነው። ማሽን ተጠቀምክ ወይ ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። መጠቀሙ ነውር አይደለም፣ መደበቁ ነው።

ሌላው የዋጋ ልዩነቱ ምክንያት የገጽ ቆጠራ ነው። ቡልጋሪያ ውስጥ የትርጉም ገጽ ማለት ክፍት ቦታን ጨምሮ 1800 ፊደል ነው፣ ወረቀቱ አይደለም። ያንቺ 40 ወረቀት በትናንሽ ፊደል ከተሞላ በእነሱ ቆጠራ 70 ሊሆን ይችላል። አንዱ ዋናውን ቆጥሮ፣ ሌላው የተተረጎመውን ቆጥሮ፣ ሦስተኛው በቃል እያሰላ ይሆናል። ለሁለቱም «ጠቅላላ ሒሳቡን በዋናው ሰነድ ፊደል ቁጥር አስልታችሁ ላኩልኝ» በይ። ሦስት እጥፉ ወደ አንድ ተኩል ሲወርድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ከዚያ ፈተናው። ሦስት ሰው ምረጪ። አንድ ገጽ ስጫቸው፣ ለሦስቱም ያው ገጽ፣ እና ክፈዪ። በነፃ የሚሠራ ፈተና ማንም ከልቡ አይሠራውም። ገጹን አንቺ ምረጪ፤ ሠንጠረዥ ያለበት፣ የንጥረ ነገር ዝርዝር ያለበት፣ ከታች ስለ ሕፃናት አንድ አንቀጽ ያለበት ቢሆን በጣም ጥሩ። ከዚያ ምን እንደሚጠይቁሽ ጠብቂ። የእንግሊዝ እንግሊዝኛ ነው የአሜሪካ? ማለት አለበት፤ «ኮርንፍላወር» እንግሊዝ አገር የበቆሎ ስታርች ነውና። ሠንጠረዡስ በየትኛው አገር መልክ ይቅረብ? ማለት አለበት፤ አውሮፓ ካርቦሃይድሬት ሲሉ ፋይበርን ሳይጨምሩ ነው፣ አሜሪካ ጨምረው ነው፤ አውሮፓ ጨው ይጽፋል፣ አሜሪካ ሶዲየም፤ 1 ግራም ጨው 400 ሚሊ ግራም ሶዲየም ነው። ይህን ለመመለስ አንቺም መጀመሪያ ተቆጣጣሪውን መጠየቅ ይኖርብሻል፣ ጠይቂ።

የተመለሰልሽን ገጽ አንቺው ታርሚዋለሽ፣ እርሳስ ይዘሽ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጊ። ቁጥር በቁጥር ምልክት እያደረግሽ ውረጂ። እነሱ 3,6 ብለው በኮማ ይጽፋሉ፣ እንግሊዝኛው 3.6 መሆን አለበት። ኮማው ጠፍቶ 36 የሆነ ካለ እዚያው አቁሚ። ዋናው ላይ አለርጂዎቹ ደመቅ ብለው ከተጻፉ ትርጉሙም ላይ መድመቅ አለባቸው፣ የአውሮፓ ሕግ ስለሚል ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም። ከዚያ «ማስሎ» የምትል ቃል በሲሪሊክ፣ በቡልጋሪኛው ፊደል፣ ምን እንደምትመስል አቅራቢውን አስጽፊና ገጹ ላይ ፈልጊያት፣ በምትኩ የገባው ምን እንደሆነ እይ። «ማያ»ንም እንዲሁ።

ከፈተናው በኋላ ሁለት ሰው እኩል ከሆኑብሽና መምረጥ ከቸገረሽ ጥያቄዎቻቸውን ብቻ ላኪልኝ፣ ትርጉሙን ማየት አያስፈልገኝም። ገጹን ግን ከመላክሽ በፊት ፒዲኤፉን ደህና አድርገሽ እይው። 10⁷ ላይ ያለችው 7 ከላይ ካልተቀመጠች ስህተቱ የአቅራቢው ነው፣ ተርጓሚውን አትክሰሺው።